አምሳ ነጥብ በአንድ መስመር

ማርች 5

ይህን ደብተር የገዛሁት ለስልክ ቁጥር መጻፊያ ነበር። አሁን የንዴት መተንፈሻ ይሁን። ቤት ውስጥ ያለነው እኔና ሬዲዮኑ ብቻ ነን፤ ሬዲዮኑ ደግሞ ከኳስ በቀር ወሬ አያውቅም።

ቤኒቴስ ሸወደኝ። ያ የአውሮፕላን ሞዴል መሸጫ ባለቤት፣ ያ ምላሱ ቅቤ የሆነ ሰውዬ፣ "ይቺን ከያዙ ሌላ አያሻዎትም ዶክተር" ብሎ ጥርስ ያላት መንኮራኩር ሸጠልኝ። ልብስ ሰፊዎች በወረቀት ላይ የሚያንከባልሏት ዓይነት ናት፤ ግን የምስር ፍሬ ታክላለች። በፕላስቲኩ ክንፍ ላይ ስትንከባለል እኩል የተራራቁ ነጥቦች ትታ ማለፍ አለባት። ነጥቦቹ ሪቬት ናቸው፤ የእውነተኛው አውሮፕላን ቆርቆሮ የተያያዘባቸው የሚስማር ራሶች። እኔ የምሠራው ዳኮታ የሚባለውን የድሮ አውሮፕላን ነው፣ ክንፉ ከጫፍ ጫፍ ስድሳ ሴንቲሜትር። ከካርቶኑ ሲወጣ እንደ ተላጠ እንቁላል ልስልስ ያለ ነው። ሪቬት የሌለው ዳኮታ መጫወቻ እንጂ ሞዴል አይደለም። ለሞዴል ሠሪዎች ክለባችን የጁን ኤግዚቢሽን አደርሰዋለሁ ብዬ በሰው ፊት ቃል ገብቻለሁ።

ዛሬ በሲዬስታ፣ ክሊኒኩ ተዘግቶ ከተማው ሲተኛ፣ በግራ ክንፍ ላይ ሞከርኳት። አሥረኛው ነጥብ ላይ ወደ ግራ ሸሸች፣ ሃያኛው ላይ ወደ ቀኝ። ዘንጓ የጎበጠ መሆን አለበት። ሠላሳ አራት ዓመት በሰው አፍ ውስጥ ከሚሊሜትር ባነሰ ቦታ ስሠራ የኖርኩ የጥርስ ሐኪም ነኝ። ቀጥ ያለ መስመር እንዴት እንደሚወጣ ማንም አያስተምረኝም።

ማርች 8፣ ቅዳሜ

የሳይንስ ሰው ነኝና ነገሩን በሳይንስ ልይዘው ነው። ነጭ የፕላስቲክ ሉህ ቆርጫለሁ። የማገኘውን መሣሪያ ሁሉ በብረት ማስመሪያ ጥግ አምሳ አምሳ ነጥብ አስወጋዋለሁ፤ ከመስመሩ አጠገብ የመሣሪያውን ስምና ቀኑን እጽፋለሁ። ሲያልቅ ለክለቡ አቀርበዋለሁ። ማን ቆሻሻ እንደሚሸጥ በማስረጃ ይታያል።

ማታ ክለብ ላይ ይህን ስናገር ኦስባልዶ ሳቀ። ኦስባልዶ እዚሁ ኮርዶባ አውሮፕላን ፋብሪካ ሃያ ስምንት ዓመት እውነተኛ ክንፍ ላይ ሲሠራ ኖሮ ጡረታ የወጣ ነው፤ ጣቶቹ ቋሊማ ያካክላሉ። መንኮራኩሯን ተቀብሎ በጥፍሩ አሽከረከራትና ምንም አልሆነችም አለ። ምን ያውቃል? እሱ የለመደው በመዶሻ ነው።

ማርች 14

ጊዜ የለኝም። ሴኞራ ፒንቶ ከንፈሯን ተጫረች። ራሷን አዙራብኝ ነው። ትንሽ ደም። አርፎ የማይቀመጥ ሕመምተኛ ጠላቴ ነው። ዴልያ ጥጥ ይዛ ቀድማኝ ደረሰች።

ዴልያን ደግሞ ሌላ ነገር ልነግራት ይገባል። ረዳቴ ከሆነች ሠላሳ ዓመት አልፏታል፤ ሥራዋን ታውቃለች። ግን ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ወንበሩ አጠገብ ትለጠፍብኛለች። ክንዷን በክርኔ ሥር ሳትደግፍ አትቆምም። ክፍሉ ለሦስት ሰው ይበቃል፤ ምን እንደሚያስጠጋት አላውቅም። ነገ እነግራታለሁ።

ማርች 15

አልነገርኳትም።

ማርች 23፣ እሑድ

ምሳ ሉሲላ ቤት ነበር። ሉሲላ ልጄ ናት፣ እሷም የጥርስ ሐኪም ናት፤ በአንድ ክሊኒክ፣ ግድግዳ ለይቶን ነው የምንሠራው። ባሏ ሥጋውን ሲጠብስ ከጠዋት ዋለ፤ ሥጋው ጥሩ ነበር፤ እሱን አልክድም። ከምግብ በኋላ ማቴ፣ በአንድ ቅል ተራ በተራ የምንጠጣው የቅጠል ሻይ፣ መዞር ጀመረ። ለባሏ እስከ አፉ ሞልታ ሰጠችው፣ ለአማቷም እንደዚያው። እኔ ጋ ሲደርስ ግማሽ። አንዴ ብቻ ቢሆን ባልቆጠርኩት፤ ሦስቴ ዞረ፣ ሦስቴም ለኔ ግማሽ። ባለፈው እሑድ ጠረጴዛ ልብሱ ላይ ጠብ ስላደረግኩ ነው። ቅሉ ሞላላ፣ ከሥሩ የማይረጋ ቅል ነው፤ ማንም ሰው ሊደፋው ይችላል።

ከዚያ ማጀት ጠርታ፣ "አባዬ፣ መንቀሉን ለኔ ተውልኝ፣ አንተ ምርመራውን ያዝ። ድካም ይቀንስልሃል" አለችኝ።

ደሜ ፈላ። ገና ሳልሞት ወንበሬን መውረስ አማራት ማለት ነው። በሩ ላይ የተጻፈው የኔ ስም ባይሆን ኖሮ ዛሬ ማን ያውቅሽ ነበር አልኳት፣ ያውም አማቷ እየሰማች። ሳህኑን ማጠብ ቀጠለች። አመሌ ይኸው ነው፤ መጀመሪያ እናገራለሁ፣ ከዚያ አውቶቡስ ውስጥ እጸጸታለሁ። ደውዬ ይቅርታ ልጠይቅ አስቤ ነበር። ግን እሷም አልደወለች።

ኤፕሪል 2

ሁለተኛው መሣሪያ፦ የናስ እጀታ ውስጥ የገባ መርፌ። በመርፌ አንድ አንድ እየወጉ መሄድ ነው። አምሳ ነጥብ ሠራሁ። ከመንኮራኩሯ የባሰ ነው። መርፌው ይፈናጠራል።

ኤፕሪል 5

ሦስተኛው፦ ጥርስ ያለው ማስመሪያ፣ መርፌው ጥርሶቹ መካከል እየገባ እንዳይስት የተባለለት። ማስመሪያውም ራሱ ተንሸራተተ። ከሥሩ ባለ ሁለት ፊት ፕላስተር ለጠፍኩበት። ማስመሪያው ቆመ፤ ነጥቦቹ ግን ከጥርሱ ውጭ አረፉ። ፋብሪካው ጥርሱን በትክክል አላወጣውም።

ኤፕሪል 9

የግራውን ክንፍ ለሦስተኛ ጊዜ በስቱኮ ደፍኜ አሸሁት። የቀኙን አልነካሁም። ሌሎቹ አባላት ቀለም መቀባቱ ላይ ደርሰዋል፤ እኔ ገና ነጥብ ላይ ነኝ። አንጀቴ አሯል።

ኤፕሪል 11

ፋርማሲስቱ ደውሎ "ዶክተር፣ የጻፉት አምስት መቶ ነው ስምንት መቶ?" አለኝ። በዚህ ወር ሦስተኛው ነው። የሐኪም ጽሑፍ ማንበብ ካልቻለ ለምን ዳቦ አይሸጥም? እንደዚያ አልኩትና ዘጋሁት። ከዚያ መልሼ ደወልኩ። አምስት መቶ ነው።

ኤፕሪል 16

ጉድ ሰማሁ። ከምሳ በፊት እጄን ስታጠብ በሩ ገርበብ ብሎ ዴልያ ስልክ ታወራ ነበር። ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ "አይ እመቤቴ፣ ሐሙስ ከሰዓት ለዶክተር ሉሲላ ልስጥዎ። እሳቸው ጠዋት ጠዋት ይሻላቸዋል" ትላለች።

እሳቸው እኔ ነኝ! ጠዋት ጠዋት የሚሻለኝ እኔ ነኝ! ወጥቼ ቀጠሮ መዝገቡን ጠረጴዛው ላይ አጋጨሁት። ከመቼ ጀምሮ ነው በጓዳ ሕመምተኛ የምታከፋፍይው አልኳት። ከሉሲላ ጋር ተመካክራችሁ ልትቀብሩኝ ነው አልኳት። ሌላም ብዙ ብያለሁ፤ ልጽፈው አልፈልግም። ዴልያ ቆማ ሰማችኝና ስጨርስ፣ "ዶክተር፣ አውቆ የተኛ ቢቀሰቅሱት አይሰማም" ብላ ካፖርቷን ለብሳ ምሳዋን ልትበላ ሄደች።

ነገ ላሰናብታት ይገባል። ሚስቴን ስንቀብር ከሬሳ ሣጥኑ በስተቀኝ የቆመች ሴት ናት። አላሰናብታትም። ግን የአነጋገሯን ነገር አልረሳውም።

ሜይ 6

መጣ! የኦስባልዶ የእህት ልጅ የበረራ አስተናጋጅ ናት፤ ከጃፓን ያዘዝኩትን መሣሪያ በሻንጣዋ አምጥታልኛለች። ይህ የቤኒቴስ ዓይነት ቆሻሻ አይደለም። ከበድ ያለ፣ እጅ ላይ የሚረጋ፣ አራት የተለያየ መንኮራኩር ያለው። ስይዘው ሰላም ተሰማኝ። ከሰዓት በኋላ ሁለት ሰው ስላለብኝ ነገ እሞክረዋለሁ።

ሜይ 7

ምንም የተለየ ነገር የለውም። እንዲያውም ከሁሉ የባሰው ይህ ነው!! ይህን ሁሉ ባሕር ተሻግሮ መጥቶ እንደ ሰከረ ሰው ነው የሚሄደው። መስመሩን አይቼ ሉሁን ልቀደው ነበር። የመብራቱ ነገር ሊሆን ይችላል። ጠረጴዛው ራሱ ይነቃነቃል፤ ከሥሩ ካርቶን ማስገባት አለብኝ።

ሜይ 10

ካርቶን አስገባሁ። መነጽር ቀየርኩ። መብራት ቀየርኩ። አንጓዬን አሸዋ የሞላሁት ከረጢት ላይ አሳረፍኩ። ለማነጻጸር ብዬ የቤኒቴስን መንኮራኩር ድጋሚ ሞከርኩ። የባሰች ሆናለች፤ ዝጋ መሆን አለበት። እስካሁን አሥራ አንድ መስመር፣ ስድስት መሣሪያ። በዓለም ላይ አንድ የረባ መሣሪያ የሚሠራ ሰው ጠፋ ማለት ነው? ሲሠሩ ልባቸው ሌላ ቦታ ነው። ዛሬ ሁሉም ነገር ለይምሰል ነው።

ዴልያ ዛሬም ክርኔ ሥር ነበረች። ነገር መፍጠር ስላልፈለግኩ ዝም አልኩ።

ሜይ 17፣ ቅዳሜ

ምን ዓይነት ቀን ነው የዋልኩት! ከክለብ በእግሬ ነው የመጣሁት፤ አሁንም ሰውነቴ እንደ ምጣድ ይግላል።

ሉሁን ይዤ ሄድኩ። አሥራ አምስት ሰው በነበረበት ቆሜ ተናገርኩ፦ ይኸው ማስረጃው፣ የሚሸጥልን ሁሉ ቆሻሻ ነው፣ ለወደፊት ማንም ገንዘቡን እንዳያጠፋ። ሉሁ ከእጅ እጅ ዞረ። አንዳንዱ አየውና አንገቱን ነቀነቀ፤ ፕሬዚዳንቱ ግድግዳ ላይ እንሰቅለዋለን አለ። ደስ ብሎኝ ነበር፤ አልዋሽም።

ኦስባልዶ ጋ ሲደርስ ቀረ። አፍንጫው ድረስ አስጠግቶ አየው፣ አራቀው፣ መልሶ አስጠጋው። ከዚያ መቀስ ጠየቀ። ምን ልታደርግ ነው ስለው፣ "ቆይ" ብሎ መስመሮቹን አንድ በአንድ ቆርጦ ለያያቸው። የሁለት ወር ድካሜን በመቀስ! ጠረጴዛው ላይ ይደረድራቸው ጀመር። እኔ በመሣሪያ ነበር የደረደርኩት፤ መንኮራኩር ከመንኮራኩር፣ መርፌ ከመርፌ ጋር። እሱ የመሣሪያውን ስም ትቶ በቀን ደረደራቸው። ከላይ ማርች፣ ከታች ሜይ።

ታች ቦቻ የሚጫወቱት ሰዎች ኳስ ሲጋጭ ብቻ ይሰማል።

አየሁት። ዕውር አይደለሁም። የማርቹ መስመር ትንሽ ይወዛወዛል። የኤፕሪሉ ከእሱ ይብሳል። የሜዩ መስመር አይባልም፤ ዶሮ የጫረው ነው። መሣሪያው መርፌም ሆነ መንኮራኩር፣ ርካሽም ሆነ ጃፓን፣ ወደ ታች በተሄደ ቁጥር ይብሳል። የቤኒቴስ መንኮራኩር ሁለት ቦታ አለች፤ ማርች ላይ ደህና፣ ሜይ ላይ ጉድ።

"አንሴልሞ፣ ስድስት መሣሪያ ፈተንክ። አንዱን ሳትፈትን ቀረህ" አለ ኦስባልዶ፣ ቀስ ብሎ። ከዚያ ያቺን የቤኒቴስን መንኮራኩር አንስቶ በእነዚያ ቋሊማ ጣቶቹ በቁራጭ ፕላስቲክ ላይ አንከባለላት። አምሳ ነጥብ፣ እንደ ተወጠረ ክር ቀጥ ብሎ።

ምን እንዳልኩት በደንብ አላስታውስም። ሥጋ ቆራጭ ብዬዋለሁ። ሰው መሃል ልታዋርደኝ ስትጠብቅ ኖረሃል ብዬዋለሁ። መንኮራኩሯን ከእጁ ቀምቼ በመስኮት ወረወርኳት፤ ታች አንድ ሰው ጮኸ። ቁርጥራጮቹን እንኳ ሳልሰበስብ ወጣሁ። ከእንግዲህ እዚያ ክለብ እግሬ አይረግጥም።

ሜይ 18

ለምን በሰው ፊት? ብቻዬን ጠርቶ ቢነግረኝ ምን ነበረበት? ይቅር አልለውም።

ብቻዬን ቢነግረኝ ኖሮ አባርረው ነበር። ይህንንም አውቃለሁ። እሱም ያውቃል። ለዚህ ነው ይበልጥ የምናደደው።

ሜይ 22

አራት ሕመምተኛ። ሁለት ሙሌት። ምንም አልተፈጠረም። ምንም!

ሜይ 26

የነርቭ ሐኪም ስልክ ቁጥር ሉሲላ ጠረጴዛዬ ላይ ትታልኛለች። ማን ነገራት? ኮርዶባ እኮ መንደር ናት። ወረቀቱን ቀደድኩት። ከዚያ ከቅርጫት አውጥቼ ኪሴ ከተትኩት።

እውነቱን ልጻፍ ካልኩ፣ የምፈራው ሕመሙን አይደለም። ጠዋት ነጩን ልብስ ሳልለብስ የት እንደምውል ነው የማላውቀው። ሰው "ዶክተር" ሲለኝ ነው ስሜን የማውቀው። ያለ ወንበሬ እኔ ማን ነኝ? ሬዲዮ የሚሰማ ሽማግሌ። ይህን ማሰብ ራሱ ያናድደኛል።

ሜይ 31፣ ቅዳሜ

በሲዬስታ ደወል ተደወለ። በዚህ ከተማ በሲዬስታ የሰው ደወል የሚደውል ወይ የሞት መርዶ ይዟል ወይ አብዷል። ኦስባልዶ ነበር። አላስገባሁትም፤ እሱም ግባ በለኝ አላለም። ደጃፉ ላይ ቆሞ ነው ያወራው።

ፋብሪካ ሳለ አንድ ሪቬት ለመምታት ሁለት ሰው ያስፈልግ እንደነበር ነገረኝ። አንዱ ከውጭ መምቻውን ይይዛል፣ ሌላው ክንፉ ውስጥ ተጣጥፎ ገብቶ ከኋላ ብረት ደግፎ ይቆማል። ከኋላው ያለው ካልደገፈ ሪቬቱ ቆርቆሮውን አይዝም። እንግዳ ሲመጣ ፎቶ የሚነሳው ግን ከውጭ ያለው ነው።

"ሁሉም እኔን መቺ ነበር ይላል፤ አንተም እንደዚያው ታስባለህ" አለኝ። "አሥራ ሁለቱን ዓመት መታሁ። ከዚያ ትከሻዬ እምቢ አለ። አለቃው ወደ ውስጥ ግባ አለኝ። ስድብ መሰለኝ፤ አንድ ወር ሙሉ ሰላም አላልኩትም። ቀሪውን አሥራ ስድስት ዓመት ከውስጥ ሆኜ ደገፍኩ። ከእነዚያ ክንፎች አንዱም አልወደቀም፣ አንሴልሞ።"

ይህን ሊነግረኝ ነው እንቅልፍ የነሳኝ? በሩን ፊቱ ላይ ዘጋሁት። በመስኮት አየሁት፤ ትንሽ ቆሞ ኮፍያውን አስተካክሎ ሄደ። ለመጀመሪያ ጊዜ ነው ወደ ቀኝ ትከሻው ያዘንብላል እንዴ ያልኩት። ሃያ ዓመት ነው የማውቀው።

ጁን 8፣ እሑድ

ዛሬ ኤግዚቢሽኑ ነው። አልሄድኩም። ዳኮታው የቀኝ ክንፉ እንደ እንቁላል፣ የግራው እንደ ፈንጣጣ ሆኖ ጠረጴዛው ላይ አለ። ቀኑን ሙሉ አንድ መጽሐፍ ይዤ አንዱን ገጽ ሳነብ ዋልኩ።

ጁን 10

ቀስ ብዬ ልጻፈው። እጄ የሚጽፈውን ነገ ማንበብ መቻል አለብኝ።

አሥር ሰዓት ላይ ዶን ኤላዲዮ መጣ። ዳቦ ጋጋሪ ነው፣ ሰባ ሁለት ዓመቱ ነው፣ ሠላሳ ዓመት ከእኔ ሌላ ሐኪም ጋ ሄዶ አያውቅም። የታችኛው መንጋጋው ጥርስ ሥሩ ተሰንጥቆ መውጣት ነበረበት። እንደ ሁልጊዜው ወንበሩ ላይ ተንጋለለ፣ አፉን ከፈተ፣ ዓይኑን ጨፈነ። ሰውየው እንደዚህ ነው፤ አፉን ሲከፍት ዓይኑን ይጨፍናል።

ማደንዘዣውን አነሳሁ። ዴልያ በክርኔ ሥር መጣች። መርፌውን ወደ አፉ አስጠጋሁ። የመርፌው ጫፍ ክብ እየሠራ ነበር። ጠበቅኩ። አላቆመም። ዴልያ ደገፈች፣ እኔ ገፋሁ፣ ጫፉ አሁንም ክብ ይሠራል፤ ከሥሩ የዚያ ሰውዬ ምላስ አለ፣ ጉንጩ አለ፣ የተጨፈነ ዓይኑ አለ። ኤላዲዮ ግን አልተነቃነቀም። ጭራሽ አልተነቃነቀም።

መርፌውን ሳህኑ ላይ አስቀመጥኩት። ብረት ከብረት ሲጋጭ በጣም ተንኳኳ። በግድግዳው በኩል ሉሲላን ጠራኋት። ጓንቷን ሳታወልቅ መጣች።

"እጄ ይንቀጠቀጣል" አልኳት።

ዶን ኤላዲዮ ዓይኑን ገለጠና ከተንጋለለበት ቀና ብሎ አየኝ።

"ካለፈው ገና ጀምሮ አውቃለሁ ዶክተር" አለ። "የነበሩት እኮ የኔ አፍ ውስጥ ነው።"

ጨስኩ! አውቀህ ለምን ትመጣለህ፣ ጉንጭህን ብበሳው ኖሮስ አልኩት። ሰውየው ትከሻውን ነቀነቀ። "ሚስቴም እንደዚያ ትለኛለች። ታዲያ ሌላ ሰው ጋ ብሄድ ምን ሊያስቡ ነው?" አለ። ይህንን የሚያህል ሰው፣ እኔ እንዳልከፋ ብሎ፣ ስድስት ወር መንጋጋውን ሲያስይዘኝ ኖሯል።

"አባዬ፣ በዚያ በኩል ዞረህ ጉንጩን ያዝልኝ" አለች ሉሲላ። ዞርኩ። ያዝኩ። ማደንዘዣውን ሰጠችው፣ ጠበቅን፣ ጉጠቱን አስገባች። ሁለቴ ወዘወዘችው፣ ሦስተኛው ላይ ሥሩ ሳይሰበር ሙሉውን ወጣ። እኔ እንኳ በደህናዬ ዘመን ከዚያ የተሻለ አልነቅልም። ይህን አልነገርኳትም፤ ነገ እነግራታለሁ። ደሙን በጥጥ ተጭኜ የያዝኩት እኔ ነኝ። ሲጫኑት አይንቀጠቀጥም።

ሁሉም ከሄዱ በኋላ ዴልያ ጠረጴዛ ጋ ሄድኩ። ከነገ ጀምሮ የኔን ሰዎች ለሉሲላ አዛውሪ አልኳት። ዴልያ መዝገቡን ወደ እኔ አዞረችው። የጁን ሰዎች፣ የጁላይ ሰዎች፣ የኦገስትም፣ ስማቸው ሁሉ በሉሲላ ረድፍ ተጽፏል፤ በእርሳስ፣ በሚጠፋ ቀጭን ጽሑፍ። ዶን ኤላዲዮ ብቻ ነበር በእኔ ረድፍ የቀረው። እሱ እምቢ ብሎ ነው አለችኝ።

ደሜ እንደገና ሊፈላ ነበር። መዝገቡን ሳየው ቆየሁ። ከዚያ ከደረት ኪሴ እስክሪብቶዬን አውጥቼ ሰጠኋት።

"በዚህ ድገሚበት" አልኳት።

ተቀበለችኝ፣ መነጽሯን አደረገች፣ ከላይኛው ስም ጀመረች።